ወፍ ዋሻን በአንድ ቀን፦ ከላይ ወደ ታች ወይስ ከታች ወደ ላይ?

ወለተ በሬሳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በደብረ ብርሃን ከተማ የምኖር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። እኔና የሥራ ባልደረቦቼ ከቤተሰቦቻችን ጋር ሆነን በኅዳር ወር የመጨረሻ ቅዳሜ የወፍ ዋሻን ደን በእግር ለማየት አስበናል። በጠቅላላው 11 ሰዎች ስንሆን፣ ከመካከላችን የ61 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አንድ ጡረተኛ መምህር፣ የ13 እና የ15 ዓመት ሁለት ልጆች፣ እንዲሁም ዓርብ ማታ ከሸዋ ሮቢት የሚመጡ ሁለት እንግዶች ይገኙበታል።

የመጀመሪያ ዕቅዳችን እንዲህ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሚኒባስ ተነስተን በጉዶ በረት በኩል ወደ ገደሉ አፋፍ እንደርሳለን። መኪናውን እዚያ አቁመን በደኑ ውስጥ ቁልቁል እንወርዳለን፤ ምሳችንን ከታች በልተን በወረድንበት መንገድ ተመልሰን እንወጣለን። ይህን የመረጥነው ሾፌሩ አንድ ቦታ ስለሚቆይልንና ጠዋት ጉልበታችን ሳይሟሟቅ ዳገት እንዳይገጥመን ብለን ነው። መንገዱን የምታውቁ ሰዎች ብታርሙን፣ ምን ይዘን እንደምንሄድም ብትነግሩን በጣም እናመሰግናለን።

የአንኮበር ልጅ

እኅቴ ወለተ በሬሳ፣ ጥያቄሽን ሳትነሱ በፊት በማቅረብሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀው ከተመለሰ በኋላ ነውና። ዕቅዳችሁ እንዳለ ከቀረ ግን ከእናንተ ይልቅ እኔ እሰጋለሁ፤ ምክንያቴንም በዝርዝር ላስረዳ።

ወፍ ዋሻ በሜዳ ላይ ያለ ደን አይደለም። ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው የገደል ፊት ላይ ተንጠልጥሎ የቆመ፣ ከ2,000 ሜትር በታች ከሚገኘው ጠርዙ አንሥቶ እስከ 3,600 ሜትር ገደማ የሚዘልቅ፣ በአንኮበር፣ በጣርማ በርና በባሶና ወራና ወረዳዎች የተከፈለ ደን ነው። ከደብረ ብርሃን ስትመጡ የምትደርሱት በደኑ ራስ ላይ ነው። ይህ ደግሞ የዕለቱን ከባድ ሥራ ለማታ ያቆይባችኋል። ሰው ጠዋት በብርታቱ ይወርድና፣ እግሩ ከዛለ፣ ውሃው ካለቀና ልጆቹ ካኮረፉ በኋላ ሙሉውን ዳገት ይጀምራል።

ሁለተኛው ነገር ፀሐይ ናት። የገደሉ ፊት ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለሆነ ፀሐይ በማለዳ ፊት ለፊት ታገኘዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ከአፋፉ ጀርባ ትገባለች። ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ነው ብላችሁ የምታሰሉ ከሆነ፣ ደኑ ውስጥ ጥላው ከዚያ ብዙ ቀድሞ እንደሚወድቅ እወቁ። ሜዳው ላይ ገና ገበሬው አውድማው ላይ እህሉን እያነሣ ሳለ፣ እናንተ ከጥዱ ሥር የጫማችሁን ማሰሪያ ለማየት ትቸገራላችሁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ጉዞውን እንድትገለብጡት ነው። በጣርማ በር ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና ውረዱ፤ ከደብረ ሲና በስተ ደቡብ ወዳለው የደኑ የታችኛው ጠርዝ መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ሂዱና ከዚያ በእግር ውጡ። ሾፌሩ ባዶውን ተመልሶ በጉዶ በረት በኩል አፋፉ ላይ ይጠብቃችሁ። ነዳጁ ይጨምራል፤ እሱን መቋቋም ከቻላችሁ ግን ሌላው ሁሉ ይቀልላችኋል።

ተጓዥ ዘአራዳ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። በወንድሜ የአንኮበር ልጅ ሐሳብ ግማሹን እስማማለሁ። ሾፌሩ ቦታ መቀየሩ ካልቀረ ግን ለምን ከላይ ጀምረው አይወርዱም? አፋፉ ላይ ያወርዳቸውና ደብረ ሲና በኩል ይጠብቃቸው። ዳገት የሚባል ነገር ሳይነካቸው ደኑን ከራስ እስከ እግር ያዩታል። የ61 ዓመት ሰውና ልጆች ላሉበት ቡድን ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

የአንኮበር ልጅ

ወንድሜ ተጓዥ፣ ይህ ሐሳብ ተገቢ ነው፤ እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት ሰባት ሆነን ከአፋፉ ተነሥተን ወደ ታች ለመሻገር ጀመርን። መሪው እኔ ነበርኩ፤ መንገዱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ ብዬ ሌላ ሰው አልጠየቅሁም። ቁርስ በማዘግየታችን 4 ሰዓት አልፎ ነበር የተነሣነው። 8 ሰዓት ሲሆን ጉም ከቆላው ተነሥቶ መጣ። የገደሉን ጉም የማያውቅ ሰው ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከፊትህ ያለው ዝግባ አለ፣ ዞር ብለህ ስትመለከት የለም። ከዚያ አንድ መለያያ ላይ ደረስን። ሁለቱም መንገዶች ሰፊ ነበሩ፤ የግራው ይበልጥ የተረገጠ ስለሆነ እሱን ያዝን። ለአንድ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ መንገዱ አንዲት ኩሬ አጠገብ ሲደርስ አለቀ። የከብት መንገድ ነበር።

ያን ዕለት የዳንነው ከማዶ ልጃቸውን ሲጣሩ በሰማናቸው አንድ አባት ነው። ድምፃቸውን ተከትለን ወጣን፤ እኚያ ደግ ሰው እስከምንደርስ ድረስ መጣራታቸውን አላቋረጡም። ቤታቸው ስንደርስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኖ ነበር። ከመካከላችን አንዲት ልጅ ጫማዋ ተቀዶ እግሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር የመጣችው። መሪ ሆኜ እሷን በዚያ ሁኔታ ማየቴ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል፤ ስለዚህም ነው ይህን ያህል የማስረዝመው።

ከዚያ ወዲህ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ስትወርድ መንገዶች ይበተናሉ፤ እያንዳንዱ ሸንተረር ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም አራት። ስትወጣ ግን ይሰበሰባሉ፤ የማገዶውም፣ የገበያውም፣ የቤተ ክርስቲያኑም መንገድ ወደ ላይ ሲሄድ እየተጋጠመ አንድ ይሆናል። ምክንያቱም ገደሉ ዝም ብሎ አያሳልፍም። የአገራችንን ስሞች ልብ በሏቸው፦ አንኮበር የአንኮ በር ነው፣ ጣርማ በርም በር ነው። አባቶቻችን ይህን ስም የሰጡት ከቆላ ወደ ደጋ የሚያሳልፉት ቦታዎች ጥቂት ስለሆኑ ነው። ስለዚህ ወለተ በሬሳ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የምታረጋግጡት ዋናው ጉዳይ «በየትኛው በር ነው የምንወጣው?» የሚለው ይሁን። በሩን በስሙ የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ከፊታችሁ ከሌለ አትነሡ።

የሰውንና የከብትን መንገድ መለየትም ልጆቹ ሳይቀሩ ሊማሩት ይችላሉ። የሰው መንገድ ላይ የኮንጎ ጫማ አሻራ ታያላችሁ፤ ዳገቱ ሲጠና ሰው የሚይዛት የዛፍ ሥር ወይም ቅርንጫፍ ከእጅ ብዛት ተልጣ እንደ ከዘራ እጀታ ትለሰልሳለች። ከብት ይህን አያደርግም። የከብት መንገድ ሰፊና በእበት የተሞላ ነው፤ ጎኑ ያለው ቁጥቋጦም እስከ ወገብ ድረስ የተጋጠ ይሆናል።

ተጓዥ ዘአራዳ

አሳምነኸኛል። ስለ መንገዶች መሰብሰብና መበተን ያነሣኸውን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሐሳቡ ጋር አንድ ስሌት ልጨምር። በ1892 እ.ኤ.አ. ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ ያወጣው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት ስሌት አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገቱ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። መንገዳችሁ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱም 900 ሜትር ነው እንበል። ለርቀቱ 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ፣ ድምሩ 4 ሰዓት ሊሞላ 6 ደቂቃ የቀረው ይሆናል። ይህ ግን ለጠንካራ ሰው ነው፤ ቀጭን አየርን፣ ጭቃንና የሰው ብዛትን አያውቅም። ልጅና አዛውንት ላለበት ቡድን እኔ ግማሹን እጨምራለሁ፤ 6 ሰዓት ገደማ መጣ። ለምሳ፣ ለዕረፍትና ቆም ብሎ ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ስንጨምር ሰባት ሰዓት ተኩል ይሆናል። 2 ሰዓት ላይ መራመድ ከጀመራችሁ 9 ሰዓት ተኩል ላይ አፋፉ ላይ ናችሁ፤ ለስህተት የሚሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ይተርፋችኋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዕቅዳችሁ ቢሆን ይህ ትርፍ አይኖርም ነበር።

የራሳችሁን መንገድ ትክክለኛ ርቀትና ከፍታ ከመሪያችሁ ጋር ሆናችሁ አስቡና ቁጥሩን ቀይሩት። የአካባቢው ሰው «ቅርብ ናት» ሲል በእሱ እግር እንደሆነ አትርሱ።

እኅተ ማርያም፣ ነርስ

በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ሦስት ጉዳዮች አሳስበውኛል።

አንደኛ፣ ከሸዋ ሮቢት የሚመጡት እንግዶች። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እናንተ የምትወጡበት አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ያልለመደ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሊሰማው ይችላል። ዓርብ ማታ ደብረ ብርሃን ማደራቸው ጥሩ ነው፤ ደብረ ብርሃን ራሷ 2,840 ሜትር ላይ ስለሆነች ሐሙስ ቢመጡና ሁለት ሌሊት ቢያድሩ ደግሞ ይበልጥ እመርጣለሁ። በጉዞው ላይ ራሱን ያመመው ሰው «ይሻለኛል» እያለ ወደ ላይ መቀጠል የለበትም። በተለይ ካስመለሰው ወይም እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደ ወዲያውኑ ከሰው ጋር ወደ ታች መውረድ አለበት፤ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።

ሁለተኛ፣ ብርድ። የእኛ አገር ሰው ብርድን የሚፈራው በሌሊት ነው፤ ተራራ ላይ የሚጎዳው ግን በላብ የረጠበ ልብስና ነፋስ ሲገናኙ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ እንደሚቀንስ ይታወቃል። ከጥጥ የተሠራ የውስጥ ልብስ ሲረጥብ ሰውነት ላይ ተለጥፎ ሙቀት ይመጥጣል፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ቅያሪ ካናቴራ በላስቲክ ጠቅልሎ ይያዝና አፋፉ ላይ ሲደርስ ወዲያው ይለውጥ። መንቀጥቀጥ የጀመረና ንግግሩ የሚያያዝ ሰው ካያችሁ ደረቅ ልብስ አልብሱት፣ ከነፋስ ከልሉት፣ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት። አረቄ ግን አትስጡት። የደብረ ብርሃን አረቄ ያሞቃል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ የሚያሞቀው ቆዳን ነው። የደም ሥሮችን በማስፋት የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚያወጣው ሰውየው ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ሦስተኛውና ማንም ያላነሣው ጉዳይ ቀኑ ነው። የኅዳር የመጨረሻ ቅዳሜ ከኅዳር 15 በኋላ ስለሚውል ጾመ ነቢያት ገብቷል። ጡረተኛው መምህራችን ቅዳሜንም ጭምር እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሙሉውን ዳገት ሊወጡ ነው። ይህን በ61 ዓመት ዕድሜ፣ በዚያ ከፍታ ላይ አልመክርም፤ ጾማቸውን እንዲተዉ መጠየቅም የእኔ ድርሻ አይደለም። ቀኑን ወደ ፊት ማምጣት አይቻልም?

ወለተ በሬሳ

እኅተ ማርያም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ መምህራችንን ዛሬ በስልክ ጠየቅኋቸው፤ በእርግጥም ቅዳሜንም ጭምር እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ፣ እንዳያስቸግሩን ብለው ግን ሊነግሩን አልፈለጉም ነበር። ባታነሺው ኖሮ ዝም ብለው ሊወጡ ነበር። ቀኑን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ወዳለው ቅዳሜ አምጥተነዋል። እንግዶቻችንም ሐሙስ ማታ ለመምጣት ተስማምተዋል።

አሁን የቀረኝ ስለ ልብስና ስለ ስንቅ ነው።

መንዜው

ስለ ብርድ መንዜን ጠይቁ! እኛ አገር በበግ ጠጉር የሚሠራው ባና እና ዝተት በካፊያ ቢርስ እንኳ ማሞቁን አይተውም፤ ጋቢ ግን ጥጥ ስለሆነ አንዴ ከረሰ ውሃ ተሸክማችሁ ነው የምትሄዱት። ባና ለጉዞ ይከብዳል፤ ስለዚህ የሱፍ ሹራብ፣ ከላዩም ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ስስ ጃኬት በቂ ነው። ባናውን ሾፌሩ ጋ መኪና ውስጥ ተዉት፤ አፋፉ ላይ ስትደርሱ ታመሰግኑኛላችሁ።

ጫማ አዲስ አይሁን። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያደረጋችሁትና ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። በኅዳር ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ ጥላ ውስጥ ያለ ድንጋይ እስከ ረፋድ ያንሸራትታል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዱላ ያስፈልጋል፤ ደኑ ውስጥ ቆርጣችሁ ሳይሆን ከቤታችሁ ይዛችሁ።

ስንቅን በተመለከተ የዳገት ምግብ በሶ ነው። ሌሊቱን በውሃና በትንሽ ጨው የተለወሰ የበሶ ጭብጦ በእጅ ይያዛል፣ አይፈስም፣ አይበላሽም፣ እየተራመዱም ይበላል። ከእሱ ጋር የገብስና የሽምብራ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጾሙ ስላልገባ ደግሞ ቋንጣ። ወጥ ይዛችሁ አትሂዱ፤ አንድ ጊዜ ከባድ ምሳ ከበላችሁ ዳገቱ ላይ ሆዳችሁ ይጎትታችኋል። በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ይሻላል።

ደግሞም ሳማ አለ። የልጆቹ ሱሪ ረጅም ይሁን። ከለበለባቸው ቱልት ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ሳማ ካለበት አጠገብ ይበቅላል፤ ቅጠሉን ጨምቃችሁ እሹት።

ከደኑ ሥር

እኔ ተወልጄ ያደግሁት ከደኑ በታች ባለ መንደር ነው፤ አሁን የምኖረው በከተማ ነው። ስለ ጤናና ስለ ስሌት የተባለውን ሁሉ አክብሬ፣ ስለ ራሱ ስለ ደኑ ትንሽ ልናገር፤ ከታች ስትወጡ ምን እንደምታዩ ካላወቃችሁ ዳገቱን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ እፈራለሁ።

መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ወይራና ዝግባ ነው። ማለዳ ከደረሳችሁ ድምፅ አታሰሙ፤ ጉሬዛ በጠዋት ፀሐይ ለመሞቅ ከዛፍ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ነጭ ጠጉሩ ከጥቁሩ ጀርባ ላይ ሲወዛወዝ ከሩቅ ይታያል። ከጥዱ መካከል ስታልፉ ግንዱን ዳሱት፤ ቅርፊቱ በረጅሙ እየተላጠ እንደ አሮጌ ገመድ የሚንጠለጠለው ያ ነው። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጥቁሩ ድኩላም በዚህ አካባቢ አለ፤ ብዙ ሰው ግን የሚያየው ሲሸሽ ጀርባውን ነው። ወደ ላይ ስትጠጉ ኮሶው ይጀምራል። አበባው ቀይ ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል ሲንጠለጠል ካገኛችሁት ልጆቹን አስቁሟቸውና አሳዩዋቸው፤ አያቶቻችን ለኮሶ ትል ይጠጡት የነበረው መድኃኒት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ዛፉ እያጠረ አስታ ይሆናል፣ በመጨረሻም ጅባራ ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ። አስታውን ስታዩ ደኑ አልቋል ማለት ነው፤ ለመሪያችሁም ለእናንተም የሰዓት ምልክት ይሁናችሁ።

ከታች መውጣታችሁ ሌላም ጥቅም አለው። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፤ ቀን አፋፉ ላይ ሣር ሲግጥ ይውልና ወደ ማታ ወደ ገደሉ ይመለሳል። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ እዚያው ታገኙታላችሁ። ምግብ አትስጡት፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ወደ ገበሬው ማሳ ይገባል፣ ዕዳውንም የሚከፍለው ገበሬው ነው። በዚያው በገደሉ ጠርዝ በ1976 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ የታወቀችው፣ ከአገራችን ውጭ የማትገኝ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍም አለች። ስሟ በአንኮበር ተሰይሟል። ቀለሟ ለዓይን አይስብም፤ ሰው ከሌላ ዓለም የሚመጣው ግን እሷን ለማየት ነው።

ታሪክ ለሚወድ ሰው፣ ከአንኮበር ወገን ሌት ማረፊያ የሚባለው ቦታ አለ። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ በኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመሩ የጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ተጓዦች ጣቢያቸውን የሠሩት እዚያ ሲሆን፣ አንቲኖሪም በ1882 እ.ኤ.አ. ያረፈው እዚያው ነው። በእናንተ መንገድ ላይ ስላልሆነ ለሌላ ቀን አቆዩት፤ በአንድ ቀን ሁለቱን አይሞከርም።

አንድ ልመና አለኝ። እሳት አታንድዱ፤ ለቡናም ቢሆን። በኅዳር ሣሩ መድረቅ ጀምሯል፣ የጥድ ደን ከተያያዘ ደግሞ በዚያ ገደል ላይ ማንም ወጥቶ አያጠፋውም። ቡናውን በፔርሙስ ይዛችሁ ኑ። የምታገኟቸው ሴቶች የደረቀ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ መንገድ ልቀቁላቸው፤ እነሱ ሸክም ይዘው መቆም አይችሉም። ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊትም ጠይቁ።

የአንኮበር ልጅ

ከደኑ ሥር የጻፈውን ሳነብ የጥዱ ሽታ ነው የመጣብኝ።

ሁለት ነገር ጨምሬ ላብቃ። የመጀመሪያው ፈቃድና ደኅንነት ነው። ደኑ በሦስት ወረዳ ስለተከፈለ የምትገቡበትን ወረዳና ቀበሌ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ የደን ጥበቃ ሠራተኞችም ይወቁ። የአካባቢውን ሰላምና የመንገዱን ሁኔታ ከሳምንት በፊት የሰማችሁት ላይ አትመኩ፤ ዓርብ ማታ እንደገና ደውላችሁ ጠይቁ፣ «ቆዩ» ካሏችሁ ደግሞ ቆዩ። የመሪውን ክፍያ ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ 11 ሰው ስለሆናችሁም አንድ መሪ አይበቃም፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይሁን።

ሁለተኛው የመመለሻ ሰዓት ነው። 7 ሰዓት ላይ አስታው ካልጀመረላችሁ፣ አፋፉ ምንም ያህል ቅርብ ቢመስል ወደ ታች ተመለሱ። ይህን ዛሬ በሁሉም ፊት ወስኑት፤ ተራራ ላይ ሆኖ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ «ትንሽ እንቀጥል» በሚለው ሰው አሸናፊነት ነው የሚያልቀው። ስልክ በየቦታው ስለማይሠራ ሾፌሩም ይወቅ፦ እስከ 10 ሰዓት ተኩል አፋፉ ላይ ካላያችሁ ወደ ታችኛው መነሻ ይምጣ።

ወለተ በሬሳ

ሁሉንም ጽፌ ለቡድኑ አነበብኩላቸው። ከደብረ ብርሃን 12 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ ከታች ወደ ላይ እንወጣለን፤ 7 ሰዓት የውሳኔ ሰዓታችን ነው። ሁለት መሪዎችን በቀበሌው በኩል አግኝተናል፤ ትልቁ የምንወጣበትን በር በስሙ ነግረውኛል። ለእያንዳንዱ ሰው ፊሽካና ባትሪ ገዝተናል። ስንመለስ እጽፋለሁ።

ወለተ በሬሳ

ከትናንት በስቲያ ተመልሰናል፤ ቃሌን ልጠብቅ።

መራመድ የጀመርነው 2 ሰዓት ከ10 ላይ ነበር። ጉሬዛዎቹን ገና በመጀመሪያው ሰዓት አየናቸው፤ ጋሽ መምህራችን ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ያዩአቸው ነበር። 5 ሰዓት ላይ ጉም መጣና ትልቁ መሪ ሁላችንንም አንድ ዝግባ ሥር ሰብስበው አስቀመጡን። ለ40 ደቂቃ ያህል በሶና ቆሎ እየበላን ጠበቅን። ልጆቹ ተቻኩለው ነበር፤ ጉሙ ሲገለጥ ግን ከተቀመጥንበት ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት መንገዱ ለሁለት ተከፍሎ አየነው። የ13 ዓመቷ ልጅ ሄዳ አጎንብሳ ካየች በኋላ «ይኸኛው የሰው ነው፣ ሥሩ ተልጧል» አለች።

አስታው የጀመረልን 7 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። እዚያ ላይ ከሸዋ ሮቢት ከመጡት እንግዶች አንዱን ራሱን አመመው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አስመለሰው። መቀጠል እፈልጋለሁ ብሎ ነበር፤ የእኅተ ማርያምን ጽሑፍ በስልኬ አውጥቼ አስነበብኩትና ከሁለተኛው መሪና ከአንድ ባልደረባችን ጋር ወረደ። የመነሻው መንደር ሲደርስ ራስ ምታቱ እንደለቀቀው ነገረን። ሁለተኛው መሪ ስለሄደ ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀን አልነበረም፤ ያን ቦታ እኔ ያዝኩት።

በሩ በጣም ጠባብ ነው። ሁለት ድንጋይ መካከል ሰው ለሰው ተከታትሎ ያልፋል፤ ድንጋዩ በቀኝ በኩል ከትከሻ ትይዩ በሰው ልብስ ብዛት ጠቁሮና ለስልሶ ይታያል። አልፈን አፋፉ ላይ ስንቆም 9 ሰዓት ከ50 ነበር፤ ነፋሱ እንዳላችሁት ነው፤ ሁላችንም ካናቴራ ለወጥን፤ የመንዜው ባናም መኪናው ውስጥ ነበረ። ጭላዳዎቹ ወደ ገደሉ መመለስ ጀምረው ነበር። ሾፌሩ የወረዱትን ለመውሰድ ከእኛ ጋር ወደ ደብረ ሲና ስለወረደ ደብረ ብርሃን የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው፤ ይህን ቀድመን አላሰብነውም ነበር።

ለሚቀጥሉት ተጓዦች የማርመው አንድ ነገር አለ። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ይበቃል ብለን ይዘን ነበር፤ ከአስታው በላይ ምንም የሚቀዳ ውሃ አላገኘንም፣ አፋፉ ላይ ስንደርስም የሁላችንም ፕላስቲክ ባዶ ነበር። ሦስት ሊትር ያዙ፤ አንዱን ሊትር ከአስታው በታች አትክፈቱት።